ብራያን የሳተው መስመር

ሮዳስ ስልኳን ለብራያን ሰጠችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ አይቶ እስኪጨርስ ድረስ ደግማ ማየት አልፈለገችም። ከጠዋት ጀምሮ ክፍል ውስጥ ከዴስክ ሥር ደብቃ ስታየው ነው የዋለችው፤ የሒሳብ አስተማሪው «ሮዳስ፣ ሰሌዳው እዚህ ነው» ብሎ ልጆቹን እስኪያስቅባት ድረስ። በምሳ ሰዓት ራሴን አመመኝ ብላ አስፈቅዳ ስትወጣ ግን አልዋሸችም፤ ራሷ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

ብራያን ታቱ ሠሪ ነው። ከናኩሩ መጥቶ የናይሮቢ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ስቴጅ አጠገብ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። የሞያሌ ትልልቅ ሰዎች ያ የሰው ቆዳ የሚያበላሸው ልጅ ይሉታል። ልጆቻቸው ደግሞ ተደብቀው ይመላለሱበታል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ሰው መርፌ አያነሣም፤ ሮዳስንም አንዴ ለምናው «አንቺ ገና ነሽ» ብሎ መልሷታል።

ስልኩ ላይ የነበረው የአንድ ክንድ ፎቶ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ በድብቅ ሲጓዙ የነበሩ ልጆች፣ ሮዳስ ስሙን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ በምታውቀው አገር፣ የተጫኑበት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተዋል። አንድ የዚያ አገር ሰው፣ ቤተሰብ ይለያቸው እንደሆነ ብሎ ልብሳቸውን፣ እጃቸውን፣ ጠባሳቸውን እያነሣ ላከ። ፎቶዎቹ ትናንት አመሻሽ ላይ በሰፈሩ ቴሌግራም ገቡ። ከሰፈሩ ተጓዥ ልጆች አንዱ የሆነው የዲንቁ እናት የልጇን ቀበቶ አወቀች፤ ማንያታ ሰፈርም በለቅሶ አደረ።

የሮዳስ ወንድም ሱራ በዚያው መንገድ ከሄደ ወራት አልፈዋል። ከሄደ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

እናታቸው ቆንጂት ግን ትናንት ከሴቶቹ ሁሉ ቀለል ያላት እሷ ነበረች። የሞተ ሰው ፎቶ አላይም ብላ ስልኩን እጇም አላስነካችው። ጎረቤታቸው ፀዲ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች ነገረቻት። «ይሄኛው ክንዱ ላይ ንቅሳት አለው» ስትላት ቆንጂት በረጅሙ ተነፈሰች። «የኔ ልጅ ገላው ንጹሕ ነው» አለች፤ ተነሥታም ለለቀስተኛው ንፍሮ የሚሆን ስንዴ መልቀም ጀመረች። ሮዳስ አጠገቧ ቆማ ይህን ሰማች። ሱራ መነቀሱን ከእሷና ከብራያን በቀር በዚህ ከተማ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቆንጂት ንቅሳት የምትጠላው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ ሕፃን ሳለች፣ ትልልቅ ሴቶች እጅና እግሯን ይዘው ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ደግሞ ሦስት መስመርና ከሥሩ ትንንሽ መስቀሎች ነቀሷት። ያኔ ውበት ነበር። ድንበሩን ተሻግራ ማንያታ ውስጥ ትንሿን ሆቴሏን ከከፈተች ወዲህ ግን ግንባሯን ያየ ፖሊስ ሁሉ ከሰው መካከል እሷን ለይቶ «ኪታምቡሊሾ» እያለ መታወቂያ ይጠይቃታል። ስለዚህ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታወርዳለች፤ አንገቷንም ሙቀቱ ቢያቃጥላትም ጠምጥማ ነው የምትውለው። ጎረቤቶቿ እንኳ አንገቷን አይተውት አያውቁም። ልጆቿን ደግሞ ቆዳችሁ ላይ አንዲት ነጥብ ባይ እናታችሁ አይደለሁም ብላ አስጠንቅቃቸዋለች።

ሱራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ወደ ብራያን ሲሄድ መጀመሪያ ያሳየው ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበር። ብራያን ይሄንንማ ለስንቱ ሠራሁት አለው፤ ያንተ የሆነ ነገር አስበህ ና ብሎም መለሰው። ሱራ እየተነጫነጨ ወጣ። ደንበኛ የሚያባርር ፋራ ዛሬ አየሁ እያለ ለእህቱ ሲያማው ዋለ። አሳቡ ግን አልለቀቀውም፤ ከቀናት በኋላ ጥግ ጠርቷት የእማዬን አንገት ሣይልኝ አላት።

«አብደሃል እንዴ?»

«አቦ አታካብጂ። እሷ ታፍርበታለች እንጂ ነገሩ ቆንጆ ነው። ርቄ ስሄድ ይዤው ልሂድ።»

ርቄ ያለውን ሮዳስ ያኔ ልብ አላለችውም። እናቷ ፀጉሯን ስትታጠብ ውኃ እያፈሰሰችላት አንገቷን በደንብ አየችና ወረቀት ላይ ሣለችው። ብራያን ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ በራ። የሱራን ክንድ ለካ፤ መስመሮቹን አቀጠነ፤ መስቀሎቹን ቀለሙ ሲያረጅ እንዳይያያዙ ብሎ አራራቃቸው። ከዚያ ንድፉን ቆዳው ላይ ለጥፎ መስታወት ፊት አቆመው፤ ክንድህን አንሣ፣ አውርድ፣ ካልተመቸህ አሁኑኑ ተናገር እያለ። ሱራ ወደ ላይ ከፍ ይበል አለ፤ አጠፋና እንደገና ለጠፈለት። ሁለቱ አንድ ሥራ እንደያዙ ወንድማማቾች ተግባብተው ነበር። ብራያን መርፌውን ከማንሣቱ በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምግብ በልተሃል ወይ?

ሁዳዴ ነበር። ከእናቱ ተደብቆ ሊነቀስ የመጣው ሱራ ጾሙን ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይገድፍም፤ ውኃም አልቀመሰም። ጾም ላይ ነኝ ካለ ብራያን እንዳይመልሰው ፈራና በልቻለሁ አለ። ብራያን ከንፈሩን አየት አደረገና ወደ ሮዳስ ዞረ። ሮዳስ አዎ በልቷል አለች።

ሁለተኛው መስመር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሱራን ላብ አጠመቀው። ዐይኑ ተገለበጠ፤ ክንዱም ከብራያን እጅ አመለጠ። መርፌው መስመሩን ስቶ ቁልቁል ጭሮት ሄደ። ብራያን ማሽኑን አጥፍቶ ወለሉ ላይ አስተኛው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ሲነቃም ሶዳ አጠጣው። ነገሩን ሲረዳ ግን ንዴቱ ሌላ ነበር። እውነቱን ብትነግሩኝ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ እላችሁ ነበር፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም የምሠራው፣ ግማሹን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ አላቸው። የቀረውን በሌላ ቀን፣ ሱራ ጠግቦ ሲመጣ ጨረሰለት። የሳተውን ግን ቁስሉ በደንብ ሲድን ተመለስ፣ አስተካክለዋለሁ አለው። ሱራ አልተመለሰም። ፋሲካን ከቤቱ በልቶ፣ ለእናቱም ለእህቱም ሳይናገር፣ ከደላላ ጋር ጠፋ።

አሁን ብራያን ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ሮዳስ ሦስቱን መስመርና መስቀሎቹን ጠዋት ለይታቸዋለች። ሆኖም እንዲህ ያለ አንገት ያላት እናቷ ብቻ አይደለችም፤ ሌላም ልጅ የእናቱን አንገት ክንዱ ላይ አስነቅሶ ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ልጅ ይሁን ብላ መመኘቷ አሳፈራት፤ መመኘቷን ግን አልተወችም።

«ፎቶው ደብዛዛ ነው» አለችው በስዋሂሊ፤ ሁልጊዜም የሚነጋገሩት በእሱ ነው። «ሌላ ሰው የሠራው ሊሆን ይችላል።»

ብራያን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው።

«ያሳመርኩትን እረሳለሁ» አለ። «ያበላሸሁትን ግን አልረሳም። መርፌው የሳተው ይኸው እዚህ ጋ ነው። የኔ እጅ ነው ሮዳስ። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ።»

ሮዳስ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እንባው የት እንደገባ እንጃ። ብራያን «ከንፈሩ ደርቆ እያየሁ፣ ያን ቀን ልመልሰው ይገባኝ ነበር» እያለ ራሱን ሲወቅስ ሰማችው። ቢመልሰው ኖሮ መስመሩ ቀጥ ብሎ ያልቅ ነበር ብላ አሰበች፤ እኛም ማን እንደሞተ ሳናውቅ ዕድሜ ልካችንን እንጠብቀው ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላወቀችም። ሁለቱም የሰው ልጅ የሚሸከመው አልመሰላትም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ገብረመድኅን ሱቅ ሄደች። ጋሽ ገብረመድኅን የሰፈሩ የሐበሾች እድር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው። ታቱውንም፣ ፎቶውንም፣ ብራያን ያለውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። ሱራን ክርስትና ሲነሣ ያቀፉት እሳቸው ነበሩ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸው ሲረጋ። «መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ዛሬን እንኳ እናትሽ እህል ቀምሳ ትደር።»

ወጉ እንደዚህ ነው። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች፣ የሚያጽናኗት ሽማግሌዎች በሌሉበት እናት ልጅሽ ሞተ አትባልም። ሮዳስ ይህን ስትሰማ ሸክሟ ለጥቂት ጊዜ የቀለለ መሰላት። ነገሩን ትልቅ ሰው ተረክቧታል። የእሷ ድርሻ አንድ ሌሊት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለትማ ታውቅበታለች፤ ወራት ሙሉ ስትለማመደው ነው የከረመችው። አቧራውን በሹራቧ እጅጌ እየተከላከለች ወደ ቤት አዘገመች።

ሆቴሉ ሰው አልነበረበትም፤ ሰፈሩ በሙሉ የዲንቁ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው። ቆንጂት ንፍሮውን በሰፌድ ሞልታ ልትወጣ ስትል ነበር ሮዳስ የደረሰችው። ከትምህርት ቤት ለምን ቀድመሽ መጣሽ ብላ እንኳ አልጠየቀቻትም።

«ነይ ያዢልኝ፣ አብረን እንሂድ» አለቻት። «ምን ብዬ እንደማጽናናት እንጃ። የኔ በሕይወት እያለ የእሷን ዐይን እንዴት ብዬ አያለሁ?»

ሮዳስ ሰፌዱን ተቀበለች።

«ያን የተነቀሰውን ልጅ እስካሁን ማንም አላወቀውም አሉ» አለች ቆንጂት። «ፀዲ ስትነግረኝ አንጀቴን በላው። ንቅሳቱ የኛ አገር ነው የሚመስለው አለች። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ይዘውታል፤ ዛሬስ ጨክኜ ልየው። የየት ወረዳ ንቅሳት እንደሆነ ካወቅሁት ለእናቱ ይደርስላት ይሆናል።»

ጋሽ ገብረመድኅን ነገ ጎህ ሲቀድ ብለዋል፤ እናቷ ግን አሁን ልትሄድ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እናቷ ዘንድ ሲደርስ ታያት። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ለማታውቀው ልጅ አዝና ልትረዳ ጎንበስ ስትል፣ የገዛ አንገቷን ታገኘዋለች። የሚይዛት ሰው አስቀድሞ አይዘጋጅም። ልጆቿ እንደደበቋትም የምታውቀው ያኔ ነው። ሮዳስ ሮጣ ሽማግሌውን ልትጠራቸው አሰበች፤ እስክትመለስ ግን እናቷ ድንኳኑ ውስጥ ትሆናለች።

ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ሄዳ የሆቴሉን ቆርቆሮ በር ዘጋች።

ቆንጂት ግራ ገባት። «ምን ሆነሻል? በቀን በር ይዘጋል?»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

ቆንጂት አልተቀመጠችም። የልጇን ፊት አየች፤ የተዘጋውን በር አየች፤ ደግማ የልጇን ፊት አየች። ሮዳስ ጠጋ ብላ ሁለቱንም እጆቿን ያዘች። ሌላ የሚይዛት ሰው ስለሌለ አጥብቃ ነው የያዘቻት።

«ያንን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች። «ክንዱ ላይ ያለውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ያንቺን አንገት አይቼ ነው የሣልኩት፤ ሱራ ነው ሣይልኝ ያለኝ።»

ቆንጂት አንድ እጇን አላቅቃ የተጠመጠመ አንገቷን ያዘች። ነጠላዋን ለዲንቁ እናት ብላ አዘቅዝቃ ለብሳው ነበር፤ አሁን ለገዛ ልጇ ሲሆን የምትቀይረው ነገር አልነበረም።