ደወል የሌለው እንግዳ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ካለ አልቀየመውም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ያለፈው ጃንዋሪ አሥራ ሦስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ። ቦታው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ። ውጭው በረዶ በበረዶ ሆኗል፤ ገና አልመሸም።

ሥራዬ ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ ከቀለበት መንገዱ ከቤልትዌይ ትራፊክ ጋር እየታገልኩ፣ በየቀኑ የምሄደው ሚስተር ስቶያን ዘንድ ነበር። የሰማንያ አራት ዓመት የቡልጋሪያ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ስለወሰደው ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። እየቆየ ምላሳቸውም ተያዘ። ማመስገን ሲፈልጉ በቀኝ እጃቸው ጣቶቼን ሁለቴ ጨበጥ ያደርጋሉ።

አባቴን ሳልጦረው ነው የሞተብኝ። እሳቸውን እንደ አባቴ ነበር የማያቸው።

በዚያ ሳምንት ምግብ እምቢ አሉ። አምስት ቀን... ማንኪያው ሲቀርባቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ሐኪሙ እስከ ዓርብ ካልበሉ የመጨረሻ ቀናቸውን ወደሚያሳልፉበት ወደ ሆስፒስ እንወስዳቸዋለን አለ። ልጃቸው ራዳ ኩሽና ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ተደብቄ አልቅሻለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ራዳ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ የአገሯ ሰዎች አሥር ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ነገረችኝ። በየክረምቱ ረጅም የፍየል ጠጉር ለብሰው፣ የእንጨት ጭንብል አጥልቀው፣ ወገባቸው ላይ ትልልቅ ደወል ታጥቀው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ክፉ ነገር ከቤት ይውጣ ብለው ነው። አባቷም በጉብዝናቸው ጊዜ እንዲሁ ይጨፍሩ ነበር። በሩን እንድከፍትላቸው አደራ ብላኝ ሄደች።

ደወሉን አውቀዋለሁ። የሚስተር ስቶያን ደወል ከአልጋቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ገና መናገር በሚችሉበት ጊዜ አንድ ቀን አሳዩኝ።

"ይህ ለጌጥ አይደለም" አሉኝ። "ክፉው ድምፁን ሲሰማ ከፊታችን ይሸሻል።"

"ወዴት ነው የሚሸሸው?" አልኳቸው ለቀልድ።

"ወደሚያስገባው ቤት።"

ስቄ አለፍኩት...

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ ከቤት ያመጣሁትን ፍርፍር እየበላሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

አንድ ብቻውን ነበር። ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ጠጉር። የእንጨት ፊት። አፉ ዝግ ነው።

ከጓደኞቹ ቀድሞ የደረሰ መሰለኝና በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስገባሁት። በረዶው እየጣለ ነበር፤ እሱ ላይ ግን አንዲት ብናኝ እንኳ አላየሁም። ሲራመድ ደግሞ ምንም አይሰማም።

ደወል የለውም...

ያኔውኑ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ያደግሁት ሰው እየበላ ሌላው ቆሞ በማያይበት ቤት ነው።

"እንብላ" አልኩት።

በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ከአፌ አመለጠኝ። እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ፈራሁ። አንዴ ጋብዣለሁና ይሉኝታ ያዘኝ። ጠቀለልኩና እጄን ዘረጋሁ። የእንጨቱ አፍ ተከፈተ። ጣቶቼ ሲገቡ ፍሪዘር ውስጥ እጄን የከተትኩ መሰለኝ።

አንዴ ብቻ አጉርሶ መተው እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሁለተኛውን ጠቀለልኩ።

"ገና ሁለተኛው ይቀርሃል" አልኩት።

ከመኝታ ክፍሉ ሚስተር ስቶያን አቃሰቱ። ሲያቃስቱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ሰምቼ አላውቅም። እንግዳው ፊቱን ወደ እሳቸው ክፍል አዞረ።

በዚህ መሃል ከመንገዱ ደወል ተሰማ። ብዙ ደወል... በመስኮት ብመለከት ሰባት ሆነው እየዘለሉ ይመጣሉ። ዞር ስል ሳሎኑ ባዶ ነው። ሁለተኛው ጉርሻ እጄ ላይ ቀርቷል።

ሰባቱ ገቡ። ከእናንተ አንዱ ቀድሞ መጥቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መሪያቸው ጭንብሉን ገለጥ አደረገ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አስገባሽው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"በላ?"

እጄ ላይ የቀረውን ሁለተኛውን ጉርሻ አሳየሁት።

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ከመኝታ ክፍሉ ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና፣ የሚስተር ስቶያንን አልጋ ከበው መዝለል ጀመሩ። ግድግዳው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የሽማግሌው ዓይን ተከድኗል። በዚያ ጫጫታ መሃል ሞቅ ያለ ነገር አጠገቤን ታክኮ ወደ ጓሮው በር አለፈ። ሲያልፍ ጣቶቼን ጨበጥ አደረጋቸው። ሁለቴ።

መሪያቸው ላቡን ጠርጎ፣ በቃ ወጥቷል አለኝ። ሄዱ።

ሾርባውን ይዤ ገባሁ። ማንኪያውን ገና ሳላነሳ አፋቸውን ከፈቱ። ሳህኑን ጨረሱት... ሌላ ጨመርኩ፤ እሱንም ጨረሱት። ደስታዬ ወሰን አጣ። ማታውን ለምትረከበኝ ለዛኪያ ደወልኩላት።

"በሉ!"

"ዋላሂ በይ?"

"ሁለት ሳህን።"

"አልሐምዱሊላህ! በይ ለራዳ አሁኑኑ ቴክስት አድርጊላት። ሆስፒሱን ካንስል ታድርግ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ክፍሉ እንዳይቀዘቅዝ የጓሮውን በር ልዘጋ ሄድኩ።

በረዶው ላይ ዱካ አለ።

ባዶ እግር ነው። ቀኙ በደንብ ረግጧል። የግራው ግን ዱካ የለውም፤ የተጎተተ ረጅም መስመር ብቻ ነው። ከበሩ ተነስቶ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። የሚመለስ የለም።

ጣቶቼን አየኋቸው። የወጣው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"ሁለተኛውስ?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ጥርት ያለ አማርኛ ነበር።

"ማነው እሱ?" አለች ዛኪያ በስልኩ ውስጥ። "እዚያ ቤት ሐበሻ አለ እንዴ?"

ዞር አልኩ። ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ረግጠዋል። አፉን ከፍቶ... እጄን እያየ ይጠብቃል።