ፎቶው የሚሰቀልበት ግድግዳ

አቶ ገብረጊዮርጊስ በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከመሰላል ሥር ተንጋለው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታው የመሥሪያ ጠረጴዛቸው የብረት ጠርዝ ነው። ግድግዳ መብሻው ድሪል አጠገባቸው ወድቋል፤ የኮንክሪቱ ግድግዳ ላይ ግን የእርሳስ ምልክት እንጂ ቀዳዳ የለም። ሰፈርተኛው ወድቀው ሞቱ ብሎ አልቅሶ ቀበራቸው።

ለኢንስፔክተር ሀረገወይን ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። በሣልስቱ ተመልሳ መጣች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። «የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «መደርደሪያውን ዛሬ ካልሰቀልክ ብዬ ነዝንዤው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ይኸው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ሲበሳ እሰማዋለሁ።»

ወዲያው ግድግዳው ጮኸ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱ ጎረቤት ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደሚበሳ ሀረገወይን ታውቃለች። ቢሆንም ዞር ብላ ግድግዳውን አየች።

አቶ ገብረጊዮርጊስ በሞቱበት ቀን ወደ ቤቱ የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በርና መስኮት ሠሪው ጎረቤት አብዱልፈታህ ነው።

«ከሟቹ ጋር ትጨቃጨቁ ነበር ይባላል» አለችው ሀረገወይን።

«በጫጫታዬ ነዋ! ግን ድሪሌን የመረጡልኝ ጋሼ ናቸው። ብሎኩ ውስጥ መፍቻ የሚገዛ ሰው እንኳ ሳያማክራቸው አይገዛም። ጠዋት መዶሻቸውን መልሼ ወጣሁ፤ ደህና ነበሩ።»

ሁለተኛው ኃይለመለኮት ነው። የወይዘሮዋ የእህት ልጅ ሲሆን መካኖቹ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመቱ ጀምረው አሳድገውታል፤ አሁን ሰንጋ ተራ ቢሮ ይሠራል።

«በምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ ነበር» አለ። «መሰላሉን አቁመው ሊበሱ ሲሉ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።»

ሀረገወይን ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከሟቹ ሣጥን ያወጣቻቸውን ፑንታዎች፣ ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚገጠሙትን መብሻ ብረቶች፣ ጨርቅ ላይ ዘረጋች።

«የጋሼን ፎቶ እዚህ ግድግዳ ላይ እንስቀል። እስቲ እያንዳንዳችሁ ፑንታ ምረጡልኝ።»

ወይዘሮ ወለተሰንበት ሳያዩ በጣታቸው ዳብሰው ጫፈ ደነዙን አነሱ። አብዱልፈታህም ያንኑ ዓይነት አነሳ። ኃይለመለኮት አገላብጦ አየና የሚያብለጨልጨውን መረጠ።

«ለምን ይሄን?»

«ጫፉ ሹል ነው። ቶሎ ይገባል።»

«ኧረ ይሄ የእንጨት ነው!» አለ አብዱልፈታህ። «ለኮንክሪት ጫፈ ደነዙ ነው፤ ይሄ ይቃጠላል እንጂ አይገባም።»

«ከሟቹ ድሪል ላይ የነቀልኩትም እንዲህ ያለ የእንጨት ፑንታ ነው» አለች ሀረገወይን። «ለሰው ሁሉ ዕቃ ሲመርጡ የኖሩት ጋሼ ይህን ለኮንክሪት አይገጥሙም። ስለዚህ ድሪሉን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፤ ከሞቱ በኋላ፣ አደጋ ለማስመሰል። የሚያውቅ ሰው ቢሆን ደግሞ ትክክለኛውን ይገጥም ነበር። አንተ ግን ሊበሱ ሲሉ አየሁ አልክ፣ ኃይለመለኮት።»

ኃይለመለኮት ፑንታውን ጨርቁ ላይ ጣለው። «ላገባ ነው አልኳቸው። ሚስማር መምታት የማትችል፣ ምን ቤት ታቆማለህ ብለው ሳቁብኝ። ሁልጊዜ ነው የሚስቁብኝ! ገፋኋቸው፤ በቃ። እንዲሞቱ አልፈለግኩም።»

ሀረገወይን ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ አልገደሏቸውም።» የምሥራች ያበሰረች መስሏት ነበር።

ወይዘሮ ወለተሰንበት የኃይለመለኮትን እጅ ይዘው ቀና አሉ።

«ምነው ብትተዪኝ? የባሌን ሞት ችዬው ነበር እኮ። ልጄን ምን ላድርገው?»