ድንጋዩ ፈረስ ምን አለ?

«እኔን ሁሌ የሚያስለቅሰኝ፣» አለች ሚጡ ትራሱን እንደታቀፈች፣ «ድንጋዩ ፈረስ ልዕልቷን ‹ልጄ፣ ሳትሰናበቺኝ?› የሚላት ቦታ ነው።»

ጓደኛዋ መርማሪ ክው አለች።

ሦስቱ ጓደኛሞች «የጭጋጉ በር» የሚለውን የአኒሜሽን ተከታታይ እንደገና እያዩት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡት የመርማሪ አባት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። አባቷ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው፤ የጠገኑትን ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ለሰዓታት ከፍተው ይሞክሩታል። ሙከራው ለእነ መርማሪ ሲኒማቸው ነው።

ጓዳው ግን ሕግ አለው፤ ተከታታዩን ያልጨረሰ አይገባም። ሕጉን ያወጣው ሦስተኛው ጓደኛቸው ጎፈሬ ነው። ያላየ ሰው «ከዚያስ?» እያለ ሲነዘንዘው ደሙ ይፈላል። አንዱን ልጅ አይቻለሁ ብሎ ሲዋሽ ይዞት «ፎርጅዱ» የሚል ስም አወጣለት፤ ይኸው ልጁ እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

መርማሪም ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ሚጡ ክፍል አምስት ላይ ከተቀላቀለቻቸው ጀምሮ ጠርጥራታለች። ሦስት ጊዜ አየሁት የምትል ልጅ ጠንቋዩ ከመስታወቱ ብቅ ሲል እንዴት እንዲህ ትደነግጣለች? ቀልዱ ላይስ ለምን ሁሌ እነሱን አይታ ትስቃለች? አሁን ግን ያዘቻት። ድንጋዩ ፈረስ እኮ አንዲት ቃል አይተነፍስም! ያቺን ንግግር የፈጠረችው ራሷ መርማሪ ናት። የቴሌግራም ገጻቸው ላይ ማጠቃለያ ስትጽፍ የፈረሱ ዝምታ አናደዳትና ከራሷ ጨመረችበት። ሚጡ አንብባ ነው እንጂ አይታ አይደለም።

«ውሸታም!» አለች በሆዷ። «ይህን ሁሉ ቅዳሜ ስታሞኘን!»

ማንበብ ሞቱ የሆነው ጎፈሬ ገጹን ከፍቶት አያውቅም። «ቆይ ቆይ፣ ፈረሱ ደግሞ መቼ ነው የተናገረው?»

«ክፍል... ዘጠኝ ላይ ነዋ።» የሚጡ ድምፅ ቀጠነ።

«በይ እናየዋለና!» ጎፈሬ ሪሞቱ ላይ አቀረቀረ።

መርማሪ አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ መፍቻ ፍለጋ ገቡ። «ሚጡዬ፣ እናትሽን ይቅርታ በይልኝ። ለቴሌቪዥናችሁ የሚሆን ስክሪን ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ» አሉና መፍቻቸውን ይዘው ወጡ።

ሚጡ መሬት መሬት አየች። መደርደሪያው ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ቴሌቪዥን ቆሟል። መርማሪ ሁሌ ታየዋለች፤ የማን ነው ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። ተከታታዩ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየት ሲጀምር እዚያው ነበር፤ እነ ሚጡ ማያ አልነበራቸውም። የሚጡ ነገር አንጀቷን በላት።

«አገኘሁት!» አለ ጎፈሬ።

መርማሪ ሪሞቱን መነተፈችው። «ተወው። ተናግሯል ብዬ ገጹ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቃ እኔም ሚጡም ረስተነዋል ማለት ነው። ከክፍል አንድ እንጀምር።»

«እንዴ! አንቺም ትረሻለሽ? ፎርጅዷ!» ጎፈሬ በሳቅ ፈነዳ። «ሰኞ ለክፍሉ በሙሉ ነው የምነግረው!»

«ንገራ» አለችው። ሪሞቱንም ተጫነችው። ሚጡ ቀና ብላ አየቻት።

ክፍል አንድ ጀመረ። ዘንዶው የት ቦታ ከጉድጓዱ እንደሚወጣ መርማሪ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ወደ ሚጡ ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ትራሱን ለሁለት ያዙት።

ዘንዶው ብቅ ሲል ሚጡ በድንጋጤ ጮኸች። መርማሪም አብራት ጮኸች።