በሳጥኑ ውስጥ የተገኘው አዲስ ሞላ

ሾፌሩን ገና አላወጡትም ነበር። ቀይዋ መኪና ከቁልቁለቱ መታጠፊያ በታች ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላትማ አፍንጫዋ ተጨፍልቋል። ሰውዬው መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ፣ ቀኝ እግሩም የፍሬኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦ እንደደረቀ ቀርቷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ያንን እግር አየች። ይህ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ለማቆም ታግሏል፤ መኪናዋ ግን እምቢ ብላዋለች።

«ሞተሩ እንደ አውሬ እየጮኸ ነው የመጣው» አለች መንገድ ጠራጊዋ፣ መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች። «የኋላው ቀይ መብራት በርቷል። ፍሬን ይዟል ማለት ነው አይደል? ግን አይቆምም! ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ። ዛሬ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?»

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይለው ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ አውሮፕላን ሲያበር የኖረ ሰው ነው። ቀይዋ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ከአባቱ የቀረችለት ናት። አሮጌ ሞተሯን በተሻሻሉ አዳዲስ መለዋወጫዎች አሳድሶ ከጋራዥ ካወጣት ገና ሳምንት አልሞላትም።

የትራፊኩ ሳጅን ከተጨፈለቀው ኮፈን ሥር ያወጣውን ነገር በመሀረብ ይዞ ቀረበ። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ካርቡራቶሩን መልሶ የሚዘጋው ጥምዝ ሽቦ፣ መካኒኮች ሞላ የሚሉት ነው። ዝጓል፤ ከመሃሉ ተበጥሷል።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «ይህ ሲበጠስ ነዳጁ እንደተከፈተ ይቀራል። ቤቱ ሄጄ ነበር፣ ለቤተሰቡ ለመንገር። የመለዋወጫዎቹ ሳጥኖች እዚያው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተደርድረዋል። አንዱን ብከፍት ምን ላግኝ? አዲሱ ሞላ፣ እንደሚያበራ! ልጅቷ ገጠምኩ ብላ አሮጌውን ትታለታለች። በእጇ ሰው ሞተ።»

«የቷ ልጅ?»

«መካኒኳ ናታ። ሳይመሽ አስራታለሁ።»

መርማሪዋ መሀረቡን ተቀበለችው። የተበጠሰውን ሞላ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። አሮጌ ዘይት ጠግቧል።

ጋራዡ በር ላይ አንዲት ሴት ጥቅል ይዛ ቆማለች። ጥቅሉ ብርድ ልብስ ነው፤ በላዩ ላይ ካልሲና ሳሙና ታስሯል።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለቻት መርማሪዋ።

«ልጄን ነዋ! ሲወስዷት እንዳይበርዳት ብዬ ነው። እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያስተኙት ይላሉ። እሷ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷን ያማታል።»

«ሊወስዷት ነው ያለው ማን ነው?»

«ማንም አላለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ስልኩ ሲጮህ ነው ያወቅሁት።»

መካኒኳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጎማ ላይ ተቀምጣለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጄ» አለቻት መርማሪዋ።

«የድሮው አንድ ሞላ ብቻ ነበረው፣ እትዬ። አሁን የመጣው የተሻሻለው ዕቃ ግን ሁለት አለው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዘው። ሁለቱንም በእጄ ገጥሜያለሁ። መንጠቆዎቹን ቢጫ ግራሶ ቀብቻቸዋለሁ፣ እንዳይፋተጉ። አስነስተን ሞክረነዋል፤ ካፒቴንም ራሱ ነድቶ ነው የወሰዳት።»

«አሮጌውንስ የት አደረግሽው?»

«አዲሶቹ በመጡበት ሳጥን ውስጥ ነዋ! እኛ ጋ ሁሌም እንደዚያ ነው። አሮጌው ዕቃ በአዲሱ ሳጥን ገብቶ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ እንዳልሸወድነው አይቶ እንዲያረጋግጥ። አንድ በአንድ አሳየሁት። አሮጌውን ሞላ በጣቱ ሲጎትተው ስንጥቁን አየና "ይቺ ናት ልትገድለኝ የነበረችው?" ብሎ ሳቀ።» ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት። «ሳቀ እኮ፣ እትዬ።»

«ሲረከብ አብሮት የመጣ ሰው ነበር?»

«ብቻውን ነበር።»

«ቤታቸው ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«የት እንደሆነም አላውቀው።»

በሩ ላይ ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ ያገላብጣል። የእናትየው ዓይን ካቴናው ላይ ተተክሏል።

«ያንን ነገር መልሰህ ክተት» አለችው መርማሪዋ እያለፈች። «ገና አልመሸም።»

የካፒቴን ቤት ትልቅና ጸጥ ያለ ነው። ሚስትየዋ የመንገድ ልብሷን እንደለበሰች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋም ገና ትከሻዋ ላይ ነው።

«አብሬው ልሄድ ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «ያቺን መኪና ስፈራት ነው የኖርኩት፤ አጠገቧም ደርሼ አላውቅም። ዛሬ ግን ደስ ይበለው ብዬ ለበስኩ።»

«ታዲያ ምን አስቀረዎት?»

«እዚሁ አብሮን የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ራሱን አመመው። እኔን ምንም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ዛሬ እጄን ይዞ "እትዬ፣ ብቻዬን አትተዪኝ" አለኝ። እኔም ቀረሁ። ካፒቴን ተናዶ ብቻውን ወጣ።»

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

«ካፒቴን ቤቱን እሸጣለሁ ካለ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። መኪናዋ ጋራዥ ከመግባቷ በፊት ነው። መልእክተኛቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ካፒቴን "ጨው አቀብል በይው" ይለኛል። ሁለት ሽማግሌ ሕፃናት!» ልትስቅ ሞከረችና አቃታት።

«ስለ መኪናዋ ሞተርስ መልእክት አድርሰው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከሞተሯ የማውቀው ጩኸቷን ብቻ ነው።»

ወንድምየው በሌላኛው ክፍል መጋረጃ ዘግቶ ተጋድሟል። መርማሪዋ ስትገባ ቀና አለ፤ መልከ መልካም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«አደጋው እንዴት እንደደረሰ ታወቀ?» ሲል ጠየቀ።

«የነዳጅ መስጫው ሞላ ተበጥሶ ነው።»

«ሁለቱም?»

መርማሪዋ ዓይኗን ከእሱ አነሳች። ግድግዳው ላይ ያለውን የአንዲት አሮጊት ፎቶግራፍ የምታይ መሰለች።

«መኪና ይወዳሉ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔ? ኧረ መፍቻና ማንኪያ አልለይም! እሱ ነው የብረት ፍቅር የያዘው።»

«እናትዎ ናቸው?»

«አዎ። እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያስታመምኳት። እሱ በሰማይ ላይ ሲበር።»

የመኪና ማቆሚያው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም። መርማሪዋ የስልኳን መብራት አብርታ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። አዲስ የውሃ ፓምፕ የሚል ጽሑፍ ባለበት ሳጥን ውስጥ የዛገ ፓምፕ አለ። የአዲሱ ካርቡራቶር ሳጥን የጠቆረውን ካርቡራቶር ይዟል። የሞላው ሳጥን ውስጥ ብቻ የሚያበራ አዲስ ዕቃ ተቀምጧል፤ ያውም አንድ ብቻ። ሞላውን አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ከዚያ ባዶውን ሳጥን ወደ ብርሃኑ አጋደለች። ወለሉ ላይ ያለውን እድፍ አተኩራ አየችው። ሁለተኛው አዲስ ሞላስ የት ገባ?

ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ በመደርደሪያው ሥር እጇን ሰደደች። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ጥምዝ ሽቦ። ልክ ያን ጊዜ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ጠፋ።

«የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለ ለስላሳው ድምፅ ከኋላዋ።

ከውጭ ሰው አይሰማትም፤ ሳጅኑ ግቢው በር ላይ ነው። ጣቶቿን ጨብጣ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ቁልፌ ወድቆብኝ ነበር» አለች። «ራስ ምታትዎ ተሻለዎት?»

«ትንሽ» አለ። ከበሩ ግን አልተነቃነቀም። ዓይኑ የተጨበጠ እጇ ላይ ነው።

«እንግዲያው ያሳልፉኝ» አለችው። ከበሩ ዞር አለላት። ስታልፍ የትንፋሹ ሙቀት አንገቷን ነካት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እዚያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ሚስትየዋ፣ ወንድምየው፣ መካኒኳ፣ ብርድ ልብሷን ያልለቀቀችው እናት፣ በሩ ላይ ደግሞ ሳጅኑ። መርማሪዋ በሩን ሙሉ በሙሉ አስከፈተችው።

«አዲስ ዕቃ በሳጥኑ ውስጥ ስናገኝ አልተገጠመም እንላለን» ስትል ጀመረች። «ሳጅንም ያለው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሰው ይለዋል። ነገሩን ያቀነባበረው ሰው የፈለገውም ይህንኑ እንድንል ነው። የጋራዡን አሠራር ግን ልብ አላለውም። እዚያ አሮጌው በአዲሱ ሳጥን ይገባል። እስቲ ሳጅን፣ የሳጥኑ ወለል ላይ ምን ይታይሃል?»

ሳጅኑ አጎነበሰ። «ዘይት። የጥምዝ ሽቦ ቅርጽ ያለው የዘይት እድፍ።»

«አዲስ ሞላ ዘይት ያንጠባጥባል?»

«አያንጠባጥብም።»

«እንግዲህ እዚህ ሳጥን ውስጥ አሮጌው ተኝቶ ነበር። አዲሱን ደግሞ ተመልከተው፤ መንጠቆው ላይ ቢጫ ግራሶ አለ። ተገጥሞ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው አዲሶቹን ከሞተሩ ነቅሎ፣ የተሰነጠቀውን አሮጌ ከሳጥኑ አንስቶ በቦታቸው ሰቅሏል።»

«ልጅቷ ራሷ ጋራዥ ውስጥ አድርጋው ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። አቧራ የለበሰ አዲስ ሞላ መዳፏ ላይ ነበር፤ በመንጠቆው ላይ ያው ቢጫ ግራሶ አለ።

«ሁለተኛው ይኸው፤ ከዚህ መደርደሪያ ሥር። ሲነቅለው ከእጁ አምልጦት ተንከባሎ ገብቷል። ሥራው የተሠራው እዚህ ነው። መካኒኳ ይህን ቤት ዛሬ ገና ማየቷ ነው። የዚህ በር ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሟቹ፣ ሚስቱና ወንድሙ ናቸው።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ሞላው ተበጠሰ ስልዎት "ሁለቱም?" አሉኝ። የድሮው ሞተር አንድ ብቻ ነበረው። ሁለት መሆናቸውን ከየት አወቁ?»

«ወንድሜ ነግሮኝ ነዋ!»

«ጨው አቀብል ለማለት እንኳ አማላጅ ይፈልግ የነበረው ወንድምዎ?»

«እንግዲያው እትዬ ነግራኝ ይሆናል…»

«እኔ አልነገርኩህም» አለች ሚስትየዋ። ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ተነሳች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እጄን ይዘህ የለመንከኝ… ብቻዬን አትተዪኝ ያልከኝ… ራስህን አሞህ አልነበረም።»

የወንድምየው ትከሻ እንደ ፈረሰ ግድግዳ ወረደ።

«አንቺ እንድትሞቺ አልፈለግሁም» አለ። «ስትለብሺ ሳይሽ ላብድ ነበር። እትዬ፣ በፈጣሪ፣ አንቺን አልነበረም። እናታችን ዓይኗን የከደነችበትን ቤት… አልጋዋን እንኳ ሳላነሳ ሊሸጠው…»

«እኔን እንድቀር ለመንከኝ፤ እሱንስ? አትሂድ ለማለት አንድ ቃል ጠፋህ?»

ሳጅኑ ካቴናውን እንደገና አወጣ። የመካኒኳ እናት የብረቱን ድምፅ ስትሰማ ሳታስበው ልጇ ፊት ገብታ ተገተረች፤ ካቴናው ግን በሌላ እጅ ላይ ተዘጋ። ያም ሆኖ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«እማዬ፣ በቃ፣ አልቋል» አለቻት ልጅቷ።

«ማን ያውቃል? ተሳስተናል ብለው ቢመለሱስ?»

«አይመለሱም» አለች መርማሪዋ። «ልጅዎ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። ኑ፣ በመኪና ላድርሳችሁ።»

እናትየው ግቢው ውስጥ የቆመችውን የፖሊስ መኪና ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ በዓይኗ ለካቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ግን ሞላዋን ማን አየላት? በእግራችን እንሄዳለን።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው እናቷ ከራስ እስከ እግሯ እንደምትንቀጠቀጥ አየችና ሳቋ ተቋረጠ። ጥቅሉን ከእጇ ወሰደች፤ ካልሲውንና ሳሙናውን ኪሷ ከተተች። ለእስር ቤቱ ሲሚንቶ የተዘጋጀውን ብርድ ልብስ ዘርግታ የእናቷ ትከሻ ላይ ጣለችው። ከዚያ ክንዷን ይዛ፣ የመንገዱን ዳር ዳር እያስያዘቻት፣ ወደ ቤት ወሰደቻት።