ፀሐይ ላይ የጠቆረው የብር ውኃ

የገዳዩ ጣቶች ዓይናችን እያየ ጠቆሩ። እውነቴን ነው፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዲሁ ፀሐይ ላይ ቁጭ እንዳለ! ይኸው ዋናውን አወጣሁት፤ ካልተናገርሁ እፈነዳ ነበር። በቃ አሁን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሼ ገድሉ የጓደኛዬ የዜማ አባት ናቸው። ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ቤታቸው የብር ውኃ መሥራት ጀመሩ። ከጋራዥ የባትሪ ውኃ ይገዛሉ፣ ያ የተጣራው፣ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው። ሁለት የብር ሽቦ ይነክሩበታል፣ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያያይዙና ይጠብቃሉ። ብሩ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ቁስል ያድናል ነው ነገሩ። ስድስት ወር ሙሉ ውኃው ያው ውኃ ነበር። ባለፈው ወር ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወተት መሰለ። ወተት ነው የምላችሁ! የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት፣ አርባ ሺህ ሰው አየው። አብሯቸው የሚሠራው መልካሙ በጠርሙስ እየሞላ መራዊ ገበያ ወሰደው፤ እዚያ «ሐኪሙ» ይሉት ጀመር።

አክስቴ የብርጓል ብቻ አላመነችም። ኢንስፔክተር ናት፤ ፖሊስ ሳትሆን በፊት ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። ቪዲዮውን አይታ «ስድስት ወር እምቢ ያለ ነገር ድንገት እሺ ካለሽ፣ ተአምር ከማለትሽ በፊት ምን እንደተቀየረ ጠይቂ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምቀኝነት መስሎኝ አኮረፍኋት።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ገድሉ ሞተዋል። ዜማን ብዬ ተከትያት ሄድሁ።

መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተዋል። አጠገባቸው ሽቦው እንደተነከረ የመስተዋት ጆግ ነበር፣ ውስጡ ነጭ፣ ፀሐይዋ በቀጥታ የምታርፍበት። የተባይ መድኃኒት ይሸታል። ያገኛቸው መልካሙ ነው። አሁን ገና ከመራዊ መድረሱ እንደሆነ፣ በሩን ክፍት እንዳገኘው፣ አንድም ነገር እንዳልነካ ነገረን። ሐኪም መጥቶ አየና ሰውነታቸው ደርቋል፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሞቱት አለ።

ከዚያ የዜማ እናት እትዬ ሸዋዬ ከዜማ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። እያለቀሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ራሳቸውን የሚያስይዝ ነገር ተናገሩ። ባለፈው ወር የባትሪ ውኃውን ደፍተው ጀሪካኑን በጠበል ሞልተውት ኖሯል። ባላቸው አያውቁም፤ የነገሩት ለመልካሙ ብቻ ነው።

«ሰው የሚጠጣው ከሆነ ይባረክ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

ከአክስቴ ጋር የመጡት ፖሊሶች ተያዩ። ጆጉ ውስጥ መርዝ አለ፣ ውኃው ላይ የሴትዮዋ እጅ አለበት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ማሕሌት ሳይሄዱ ጨምረውበት ሊሆን ይችላል፣ ሰውየውም ሲነሱ ጠጡት። ዜማ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። «አባቴ ሄደ። እናቴንም ሊወስዷት ነው» አለችኝ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

አክስቴ ሁላችንንም ግቢ አውጥታ በመስኮቱ ትይዩ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችን፣ ጎረቤታቸውን መሪጌታ ኪዳነ ወልድን ጭምር። መሪጌታ የብር ውኃውን «ጥንቆላ» እያሉ ከጋሼ ገድሉ ጋር ወሩን ሙሉ ተጣልተው ስለነበር፣ እኔ በልቤ እሳቸውን ጠርጥሬ ነበር።

«ልጄ፣ እንደ በርበሬ አሰጣሽን እኮ» አሏት።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ የኔታ» አለች። ሌሊቱን የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ማሕሌት ላይ ነበሩ፤ እትዬ ሸዋዬንም ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ እስኪጠሩ ድረስ፣ ከሴቶች መቆሚያ ሲነቃነቁ አላዩም። መልካሙን ስለ መራዊ መንገድ ጠየቀችው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየሳቀ መለሰላት።

ከተቀመጥን አንድ ሰዓት ሊሞላን ሲል ጆጉን አየሁት። ወተቱ አመድ መሰለ፤ ቀስ እያለ እንደ በለዘ ገላ ሆነ።

«አያችሁ?» አለች አክስቴ። «ጠበል ከምንጩ ጨው ይዞ ይወጣል። ብር ጨው ሲያገኝ ነጭ ይሆናል፤ ተአምር ያላችሁት እሱ ነው። ያ ነጭ ደግሞ ፀሐይ ሲያየው ይጠቁራል። አቶ ገድሉ የሞቱት ጎህ ሳይቀድ ነው። ይህን ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ጆጉ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው፣ ስንገባ ጠቁሮ እናገኘው ነበር። እኛ ግን ወተት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የተሠራው እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ እኛ ልንደርስ ስንል ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋዬ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። እዚህ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነው።»

መልካሙ እጁን ኪሱ ከተተ። «ምንም አልነካሁም አልሁሽ እኮ።»

«አውጣው። ያን ውኃ የነካ ጣትም ፀሐይ ላይ ይጠቁራል።»

አወጣው። ሲመጣ ንጹሕ የነበረው አውራ ጣቱ ከነሌባ ጣቱ ጠቁሯል። በሱሪው ጠረገው፤ አልለቀቀም።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። ቅዳሜ ማታ ጋሼ ገድሉ አዲስ የባትሪ ውኃ ከፍተው ሞከሩ፤ ወተት የለም። ውጤቱ ውሸት እንደሆነ ገባቸውና ነገ መራዊ ሄደን ለሰው እንናገር አሉት። መልካሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ሻያቸው ውስጥ መርዙን ጨመረ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ሸሸ። በኋላ የእትዬ ሸዋዬ ጀሪካን ትዝ አለው፤ ነገሩ እሳቸው ላይ እንዲላከክ ተመልሶ ጆጉን ከዚያ ሞላ፣ ሽቦውን ነከረ፣ መርዙን ጆጉ ላይ ደገመው።

«መራዊ ላይ እኮ እናቶች እጄን ይስሙ ነበር» አለ ሲወስዱት።

ቪዲዮው ግን እስካሁን አለ። ስልሳ ሺህ ገብቷል። ላጥፋው ብል ጠርሙሶቹ በየሰው ቤት ናቸው፤ ዝም ብሎ ማጥፋት አያስጥላቸውም። እውነቱን ልናገር ብል የጠበሉን ነገር ማውራት አለብኝ። እትዬ ሸዋዬ ደግሞ «ባሏን በገዛ እጇ አስገደለች ይሉኛል፣ በማርያም ተይው» ብለው ለምነውኛል። ዜማም ከኋላቸው ቆማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንዲት የማክሰኝት እናት «ልጄ ሁለት ወሩ ነው፣ ስንት ጠብታ ልስጠው?» ብላ ጻፈችልኝ። «አትስጪው» አልኋት። ወዲያው መለሰች፤ «ለምን?»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?