ሰማይ ቢወድቅ የማትወድቀው ካሜራ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘችበት በጥር ብርድ የመኪናዬ ሞተር አይነሳልኝ! በበረዷማዋ ከተማ በቼልያቢንስክ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ምስክር የሚሻ ካለ ላሪዮን ያውና፤ ያ ጋራዡ ደጃፍ ላይ መዶሻ ይዞ አፍንጫዋ የተጨማደደች መኪና የሚያቃናው፣ የታሪኩ ጀግና የሳቬሊ የሚስቱ ወንድም። ስጨርስ ጠይቁት።

ሳቬሊ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ ሲገባ ሰው እየተከተለው ነበር።

ዞሮ አላየም። ጀርባው ነገረው።

ብርዱ እንዲህ ነበር፤ ሰው ሲናገር ቃሉ በረዶ ሆኖ እግሩ ስር ይወድቃል። ሳቬሊ የሌሎችን ቃል እየረገጠ አለፈ። የምስጢር ስሙ «ነጎድጓድ» ነው። ስሙን የሚያውቁት በዚያ ሰፊ አገር ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱና የትራፊክ ፖሊሷ ሻምበል ታይሲያ ጎርዴዬቭና። ታይሲያ ስትቆጣ ቀይ መብራት ደንግጦ አረንጓዴ ይሆናል።

እሷ ናት የላከችው። «መነኩሴው» የሚባለው ሰው ቡድን ውስጥ ሳቬሊ ሹፌር መስሎ ገብቷል። የቡድኑ ሥራ ቀላል ነው። ድንገት ፊትህ ይገባሉ፣ ፍሬን ይረግጣሉ፣ ከኋላ ትገጫቸዋለህ። ከዚያ ከየት መጣ ያልተባለ «ምስክር» ብቅ ብሎ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ይምላል። ላሪዮንን የበሉት በዚህ መንገድ ነው። ላሪዮን የአምቡላንስ ሹፌር ነው፤ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ሰኞ መንጃ ፈቃዱን ሊነጥቁት ነው። የመነኩሴው ድምፅ ተቀርጾ ካልተገኘ አለቀለት።

ለመቅረጽ ደግሞ መኪና መስታወት ላይ ተለጥፋ መንገዱንና ድምፁን የምትይዝ ካሜራ ታስፈልጋለች። በዚህ ከተማ መኪናው ውስጥ ካሜራ የማያስር ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ድሃና ሌባ። የላሪዮን አምቡላንስ የድሃ ነበረች። መነኩሴው ግን ድሃ አልነበረም።

ሳቬሊ ኢልዱስ ሱቅ ፊት ቆመ። ኢልዱስ የታይሲያ ታማኝ ነው ተብሏል።

«ራቅ ብሎ የሚያይ አለህ?»

«ራቅ ብሎ የሚያይ ቅርቡን ይስታል» አለ ኢልዱስ፤ ሱፍ እየቆረጠመ። የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። «የትኛውን ትወስዳለህ?»

«ታይሲያ አላዘጋጀችም እንዴ?»

«ካሜራ ስጠው አለች እንጂ የትኛውን እንደሆነ መች ነገረችኝ? ይኸው ምረጥ።»

ሳቬሊ ጥርሱን ነከሰ። አንዷ በስፖኪዮ ቅርጽ የተሠራች ናት፤ ምስሏ ግን በዳቦ ሊጥ ውስጥ የሚያዩ ያስመስላል። ሌላዋ የሳሎን ቴሌቪዥን ታክላለች። ሦስተኛዋ በጨለማ የጉንዳን መታወቂያ ታነባለች፤ ግን ስትሠራ ቀይ አምፖሏ እንደ ቤተ መንግሥት በር ይበራል።

«እኔ እኮ ልደበቅ ነው የምፈልገው፣ ሰው!»

«ታዲያ ካሜራ ለምን ትገዛለህ? ብርድ ልብስ ግዛ።»

በመጨረሻ ኢልዱስ አንዲት ጥቁር፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል አወጣ። ሳቬሊ ከኮቱ ስር ወሸቃት። ከሱቁ ሲወጣ የሚከተለው ሰው አልነበረም። ይህ ደስ ሊያሰኘው ሲገባ አናደደው። ሰላይን መከተል ማን ሳይጨርስ ይተዋል?

መነኩሴው አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ድምፁን አያነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንፋሎት ቤት ገብቶ እንደ አገሩ ልማድ በበርች ዛፍ ቅጠል ራሱን ሲገርፍ ይውላል። ሳቬሊ ውጭ ሆኖ የጌታውን ጥቁር መኪና ያሞቃል። ሥራው ያኔ መሠራት አለበት።

የካሜራዋን እየመጠጠ የሚጣበቅ ጎማ ከስፖኪዮው ጀርባ መስታወቱ ላይ ጫነው። ያዘ።

ወደቀ።

በትንፋሹ አሞቆ እንደገና ጫነው። ያዘ። ሳቬሊ ፈገግ አለ። ወደቀ። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ስር ገባ፤ ጎንበስ ሲል የመኪናውን ጡሩምባ በግንባሩ ነፋው። ግቢው ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ በፎጣው እንደታጠቀ ብቅ ብሎ «ምነው ልጄ፣ ሰርግ ነው?» አለው።

ጎማውን ወርውሮ በሁለት ፊቱ የሚጣበቀውን ፕላስተር አወጣ። ፕላስተሩ ብርድ ነክቶት ከጣቱ በቀር ምንም አልይዝ አለ። ነጎድጓድ፣ ከሦስት መንግሥታት ሰላዮች ያመለጠው ነጎድጓድ፣ በፕላስተር ተሸነፈ! በመጨረሻ ከእንፋሎት ቤቱ ዘበኛ ክፍል የመብራት ገመድ ስቦ በሚስቱ በኔሊ የፀጉር ማድረቂያ መስታወቱን እንደ ሙሽራ ፀጉር አሞቀው። የካሜራዋን ገመድ በጣሪያው ጨርቅ ስር፣ በበሩ ምሰሶ ጎን፣ በምንጣፉ ስር አሳልፎ ከሲጋራ መለኮሻው ጋር አገናኘው። ጥፍሩ ተሰበረ። ከዚያ ካሜራዋን ለጠፋት፤ ጎተታት፤ ተንጠለጠለባት።

«ሰማይ ቢወድቅ ይቺ አትወድቅም!»

«ቀረጻ ተጀምሯል። መልካም ጉዞ!» አለች አንዲት ሴት።

ሳቬሊ ዘሎ በጣሪያው ተመታ። ካሜራዋ ናት። ትናገራለች! ኢልዱስ ይህን አልነገረውም። አዝራሩን ተጫነ። ቋንቋ ተለወጠ። ደግሞ ተጫነ። ዓመተ ምሕረቱ ጠፋ። እየተሳደበ ዓመቱን መለሰና የድምፅ ማጉያ ሥዕል ያለበትን አጠፋ። አጠፋሁ ብሎ አሰበ።

መነኩሴው ቲማቲም መስሎ ወጣ። ከመሪው ኋላ ገባ፤ ሞተሩን አጠፋ። መንገድ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ሳይቀመጥ አይንቀሳቀስም፤ ጉዞው ያለዚያ አይቀናውም። ሳቬሊም አጠገቡ ተቀመጠ።

ቁልፉ ዞረ።

«ቀረጻ ተጀምሯል። መልካም ጉዞ!»

መነኩሴው አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ።

«ማን ናት?»

የሳቬሊ ላብ ግንባሩ ላይ ቀዘቀዘ።

«የራዳር መለያ ናት። ትራፊክ ሲኖር ትነግርዎታለች። ስጦታዬ ነው።»

«ቀረጻ ተጀምሯል አለች።»

«ሲሠሯት ቃሉን አሳስተውት ነው። የእኛ ማጠቢያ ማሽን ልብስ ሲጨርስ መልካም ልደት ይላል።»

መነኩሴው ረጅም ጊዜ አየው። ረጅም።

«ድምጿ የመጀመሪያ ሚስቴን ይመስላል» አለ በመጨረሻ። «እሷም ሳትጠየቅ ትናገር ነበር። ተዋት። ዛሬ በሐይቁ መንገድ አንድ ሰው ፊት ፍሬን እረግጣለሁ። አንተ ላዳህን ይዘህ ከወዲያ በኩል ና። አይቻለሁ ብለህ ትምላለህ።»

«እምላለሁ።»

«መሐላ እንደምትችል ሰምቻለሁ።»

ይህን ብሎ ሳቀ።

ሳቬሊ ቦታውን በስልክ ለታይሲያ ሹክ አላት፤ ዕቅዱ ከማር የጣፈጠ ነበር። በሐይቁ መንገድ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ በከባድ መኪኖች መሃል የታይሲያ ትራፊኮች ይሸሸጋሉ። መነኩሴው ሲመጣ ያስቆሙታል፤ ካሜራዋን እሱ ሳያጠፋት ይይዟታል። ሳቬሊ በላዳው ቀድሞ ዞሮ ከወዲያ በኩል መጣ። የላዳዋ ማሞቂያ ከሙቀት ይልቅ ሳል ይወጣዋል። ማደያው ጋ ሲደርስ የትራፊኮቹን መኪና አፍንጫ አየ። ታይሲያ በመስታወቱ አጮልቃ አየችው። በልቡ ሰላምታ ሰጣት።

መታጠፊያውን አለፈ። በበረዶው ጭስ ውስጥ አንድ መኪና ከፊቱ ብቅ አለ።

በዚያ አገር የሚነዳ ሁሉ የተደበቀ ትራፊክ ካየ፣ ለሚመጣው መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ማንነትህን አይጠይቅህም። የአባቱ ገዳይ ብትሆንም ብልጭ ያደርግልሃል፤ ብድሩን በኋላ ይመልስብሃል።

ብልጭ። ብልጭ።

ሳቬሊ አይደለም። እጁ ነው።

መኪናው ጥቁር ነበር።

መነኩሴው ነበር።

ጥቁሩ መኪና ፍሬን ረገጠ፤ ተንሸራተተ፤ እንደ ድመት ዞሮ ሳቬሊን መከተል ጀመረ። ሳቬሊ እጁን በሌላ እጁ መታው። «ቆሻሻ! ውሻ! ስንት ዓመት አብልቼህ!» ላዳዋ ነዳጅ ሲረግጡላት ታስላለች እንጂ አትሮጥም። መነኩሴው ቀደመው፤ ፊቱ ገባ፤ ፍሬን ረገጠ። ሳቬሊ ከመግጨት የተረፈው በላዳዋ ስንፍና ነው።

መነኩሴው ወርዶ በሩን ከፈተ።

«ውጣ።»

ወጣ።

«አሁን ኢልዱስ ደውሎልኝ ነበር። ሳቬሊ የታይሲያ ሰላይ ነው፣ ካሜራ ከእኔ ገዝቷል አለኝ። እየመጣሁ የነበረው ሰው ልገጭ መሰለህ? አንተን ልገጭ ነበር።»

ለካ ኢልዱስ ከሁለት በኩል ይበላ ኖሯል!

«ካሜራ ገዝተሃል?»

«ለሚስቴ ወንድም ነው» አለ ሳቬሊ። ሌላ ነገር አፉ ላይ አልመጣለትም።

መነኩሴው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳቬሊን ጎትቶ ጉንጩን እያፈራረቀ ሳመው።

«ሰላይ ቢሆንማ ለእኔ መብራት ያበራ ነበር? ትራፊክ እንዳለ ነገርከኝ፣ ወንድሜ! ኢልዱስን ሰኞ ከበረዶ በታች ታገኘዋለህ። ና ወደ እኔ መኪና፤ ሻይ አለኝ።»

ሻዩ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። መነኩሴው ከፍቶ ጎንበስ አለ። የተከፈተው ክዳን ከለለው። ሳቬሊ ከፊት ወንበሩ እጁን ከስፖኪዮው ጀርባ ሰደደ፤ ቀረጻውን የያዘውን ሚሞሪ ካርድ በተሰበረው ጥፍሩ ነቅሎ ምላሱ ስር ከተተው።

«ሚሞሪ የለም!» ስትል ሴትየዋ ጮኸች።

ከኋላ ድምፅ መጣ። «ምን አለች?»

«ት… ትራፊክ የለም አለች!»

መነኩሴው የፈላ ሻይ ይዞ መጣ።

«ጠጣ።»

ካልጠጣ ይጠረጠራል። ከጠጣ ይቃጠላል። ጠጣ። ምላሱ ተላጠ፤ ሚሞሪው አልሞተም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሾርባ ጣዕም አያውቅም፤ ሾርባዋን መንቀፍ ስለተወ ኔሊ ከሥራዎቹ ሁሉ ይቺን ትወዳለች።

ሰኞ ሚሞሪው ተከፈተ። የመነኩሴው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ከኢልዱስ ጋር በስልክ እየሳቀ «እንደዚያ የአምቡላንስ ሹፌር፤ ፊቱ ፍሬን ስረግጥ ዓይኑን ብታየው!» ሲል። መነኩሴው ሰኞም ገብቶ ኖሮ ከነቅጠሉ ከእንፋሎት ቤት ጎተቱት። የላሪዮን መንጃ ፈቃድ ተረፈ። ሰው አጨበጨበ።

ታይሲያ ግን አላጨበጨበችም። ምስሉን ወደ ኋላ መለሰች። በበረዶው ጭስ ውስጥ አንዲት ላዳ። ብልጭ። ብልጭ።

«ነጎድጓድ። ይህ መብራት የማን ነው?»

ሳቬሊ የተላጠ ምላሱን አንቀሳቀሰ። «የእጄ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ አልነበርኩበትም።»

«እጅህን ይዘህ ሂድ» አለችው። «ያንን ስም ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያውቀውም። እኔም ጭምር።»

አመል ያወጣል ከመሃል እንዲሉ ሆነ። ሜዳልያ የለም፣ ምስጋና የለም። ነጎድጓድ ኮፍያውን ጆሮው ላይ ጎትቶ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከቆመው ሰው መሃል ገባ። ከዚያ ወዲያ እሱን ከሌላው መለየት አይቻልም ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው። ላሪዮን! ና እስቲ መስክር፣ እነዚህ አያምኑም!

ላሪዮን መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም።

«ሳቬሊ ነው የነገረህ?»

«ታዲያስ!» አልኩት።

«እኔ አምቡላንስ ነድቼ አላውቅም። ዳቦ ነው የማመላልሰው።»

«ካሜራውስ? ከኢልዱስ አልተገዛም?»

«እሱስ ተገዝቷል። ለእኔ ነው የገዛው። ቅዳሜ ሙሉ በእህቴ ፀጉር ማድረቂያ ሲለጥፈው ዋለ። ከዚያ እስቲ እንሞክረው ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ማደያው ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ እግሬ ስር ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ምሰሶውን ገጨሁት። ፊቴ ማንም አልገባም። ታይሲያ መጥታ መንጃ ፈቃዴን ወሰደች። ሰኞ ይወስኑልኛል።»

ሱፍ እየቆረጠመ ያዳምጥ የነበረው ሁሉ ወደ ላሪዮን ተጠጋ።

«ቪዲዮው አለኝ» አለ ላሪዮን። ስልኩን አውጥቶ ከፈተልን።

የሐይቁ መንገድ ታየ፣ ነጭ። ቀጥሎ የሳቬሊ ድምፅ መጣ፤ ምላሱ ጤነኛ ነው። «ሰማይ ቢወድቅ ይቺ አትወድቅም!»

ከዚያ የሚታየው የወለሉ ምንጣፍ ብቻ ነው።