በደረቅ ልስን ላይ የተሣለ ጢም

ሠዓሊው ፌርሚን ኦስቶስ በሜክሲኮዋ ኦሪዛባ ከተማ የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ፣ ከእንጨት መወጣጫው ሥር ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። መርማሪ ባራጋን ሲደርስ አለቆቹ ገዳዩን መርጠው ጨርሰዋል፤ ለሥዕሉ ግድግዳ የሚለስንለት ለሳኙ ጃሲንቶ በካቴና ታስሮ ጥግ ተቀምጧል። ባራጋን ደሙ ፈላ። የጠሩት እንዲመረምር ሳይሆን እንዲፈርም ነበር።

«በየቀኑ ይጣሉ ነበር» አለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ሴሌዶኒዮ። «ትናንት ማታ ስወጣ ፌርሚን እዚያ ግድግዳ ላይ ያንን ጢም እየሣለ ነበር። አብሮት የቀረው ይኼ ሰውዬ ነው።»

ግድግዳው ላይ በተሣለው ሥዕል የሽመና ፋብሪካው ባለቤት በማዕዱ ዙሪያ እንግዶች ሰብስቦ ይታያል። በቀኙ የተቀመጠው ሰው ፊቱ በጥቁር ጢም ተሸፍኗል፤ ማንነቱ አይለይም። ውጭ ሸማኔዎቹ በሩን እየደበደቡ «ለሳኙን ስጡን!» ይላሉ።

«በምን ነበር የምትጣሉት?» አለው ባራጋን ጃሲንቶን።

«በልስኔ ነዋ!» አለ ጃሲንቶ። «ጠዋት የለሰንኩትን ማታ በመዶሻ ያፈርሰዋል። ሳልሥልበት ደረቀ ይላል። እርስዎ ቢሆኑ አይናደዱም?»

«እውነቱን ነው» አለች የሟቹ ሚስት አምፓሮ። «ልስኑ ቀለም የሚጠጣው እርጥብ ሳለ ነው። ደረቅ ላይ ከምሥል እጄ ይቆረጥ ይል ነበር።»

«ይኼ ጢሙ ያለበት ፊት መቼ ተለሰነ?» አለ ባራጋን።

«ከትናንት ወዲያ» አለ ጃሲንቶ።

ባራጋን መወጣጫው ላይ ወጣ። ጣቱን በምራቁ አርሶ የፋብሪካውን ባለቤት ጉንጭ አሸ፤ ጣቱ አልቆሸሸም። ጢሙን አሸ፤ ጣቱ ጠቆረ።

«በሩን ክፈቱላቸው!» ብሎ ጮኸ።

ሸማኔዎቹ ገብተው አዳራሹን ሞሉት።

«ፌርሚን በደረቅ ልስን ላይ አይሥልም። ይኼን የነገረኝ ጃሲንቶን ገዳይ ያስባለው ጠብ ራሱ ነው» አለ ባራጋን። «ይኼ ልስን ትናንት ማታ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ጢሙን የሣለው ሌላ ሰው ነው። ታዲያ ፌርሚን ሲሥለው አየሁ ያለኝ ሰው ለምን ዋሸ? የማንን ፊት ሊሸፍን?»

«ደግሞ ጢም መመስከር ጀመረ?» ብሎ ሴሌዶኒዮ ሳቀ። ማንም አላጀበውም።

ባራጋን እርጥብ ጨርቅ አንሥቶ ጠረገው። ጥቁሩ ውሃ ሲወርድ ከሥሩ ሴሌዶኒዮ ራሱ ብቅ አለ፤ ከፋብሪካው ባለቤት ሳህን ይበላል።

«እጃችንን አውጥተን ስንመርጥ የኖርነው አንተን ነው?» አለችው አንዲት ሸማኔ። ሴሌዶኒዮ በሩን አየ፤ በሩ በሰው ተዘግቷል። ካቴናው ከጃሲንቶ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ።

ባራጋን ግን አልበረደለትም። «ምነው ፌርሚን በአፉ ቢነግራችሁ ኖሮ!» አለ።

«ማን ሊያምነው?» አለች አምፓሮ።

ጃሲንቶ የፌርሚንን መዶሻ አንሥቶ የሴሌዶኒዮን ፊት ትኩር ብሎ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው፣ አታፈርሰውም?» አለው ባራጋን።

«አይ» አለ እንባው እየወረደ። «ይኼኛውን ሳይደርቅ ጨርሶታል።»